ባንጆ የሚፈታበት ሜዳ

ሎርና አካፋውን ከሚቀልጠው በረዶ ሥር ሰደደች፤ ያነሳችውን የውሻ ሰገራ ባልዲው ውስጥ ጣለች፤ አንድ እርምጃ ተራመደችና ጎንበስ ብላ እንደገና ጀመረች። የትምህርት ቤት አውቶቡሷን አቁማ፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ ነበር የመጣችው። ማታ የከተማው ምክር ቤት አባላት ይህንን ሜዳ በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ። የጋበዘቻቸው ደግሞ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መጋቢት፣ በረዶው ጉልበት ድረስ ሳለ፣ ሎርና ምክር ቤቱ ፊት ቆማ አሮጌው የቤዝቦል ሜዳ ለውሾች እንዲሰጥ ጠየቀች። ሜዳው ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ነው፤ በር አለው። በከተማዋ በሊንበርግ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ተመናምነዋል፤ ለነሱ ትልቁ ሜዳ ይበቃቸዋል። ውሾች ሳይታሰሩ የሚሮጡበት አንድ ቦታ ካገኙ በየመንገዱ ሰው ማስቸገራቸው ይቀንሳል፣ እነሱም ሰውም ያርፋል አለች። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ «ቆሻሻውስ?» ሲላት ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «እኛ የውሻ ባለቤቶች የውሾቻችንን እናነሳለን። ካላመናችሁ ኑና እዩ» ብላ መለሰች።

የዋሸች አልመሰላትም። ሜዳው ያኔ ነጭ ነበር፤ ቆሻሻ የሚባል ነገር አይታይበትም። በሊንበርግ በበረዶው ወራት ውሻ የጣለውን የሚያነሳ ሰው የለም። በማግስቱ አዲስ በረዶ ይወርድና ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነ ነገር ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ሎርናም ራሷ እንደ ሰዉ ስታደርግ ነው የከረመችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሊንበርግ እውነት ሚያዝያ ሲገባ ከበረዶ ሥር ብቅ ይላል፣ ከነሽታው።

ለሎርና ይህ ሜዳ የመዝናኛ ጉዳይ አልነበረም። አባቷ ኦረስት እርሻቸው ከተሸጠ ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። አእምሯቸው እየከዳቸው ነው። ከቤት ወጥተው መንገዱ ሲጠፋቸው መልሶ የሚያመጣቸው ባንጆ ነው፤ ዕድሜውን ከብት ሲመልስ የኖረ የእርሻ ውሻ። ችግሩ፣ ኦረስት በሕይወታቸው ውሻ አስረው አያውቁም። ማሰሪያውን ሎርና ታስራለች፣ እሳቸው ጥግ ዞር ሲሉ ይፈቱታል። የከተማው ደንብ ደግሞ ያልታሰረ ውሻ አይወድም። ባንጆ ሁለት ጊዜ ተከሷል፤ ሦስተኛ ከተከሰሰ ከከተማው ይወጣል። እሱ ከወጣ፣ ሎርና አውቶቡስ ስትነዳ አባቷን የሚመልስላት የለም፤ የሚቀራት ሩቅ ያለው የአረጋውያን ቤት ነው። እሳቸው የሚፈቱበት፣ ውሻውም የሚሮጥበት፣ ማንም የማይከሳቸው አንድ የታጠረ ቦታ ብቻ ነው የፈለገችው።

ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ሩቡን እንኳ አልጨረሰችም። ስልኳን አውጥታ መጥታ እንድታግዛት ፖስታ ቤት ለምትሠራው ለትሪሽ ደወለች።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ» አለች ትሪሽ። «ደግሞ የኔዋ ውሻ ሚጢጢ ናት፤ የሷ ምን ይታያል?»

«እዚህ የማየው ሚጢጢ አይደለም፣ ትሪሽ።»

«እሱማ የዳግ ውሻ ነው!»

ለዳግ ደወለች። በያጅ ነው፤ ከጀርባው የብረት ድምፅ ይሰማል።

«የኔው ሁሉን ነገር ቤቱ ጨርሶ ነው የሚወጣው» አላት። «የትሪሽ ናት። ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት፤ አበላሏን አላየሽም።»

«እሺ፣ የማንም ይሁን፤ መጥተህ አታግዘኝም?»

«ዛሬ አልችልም። ማታ ግን ስብሰባው ላይ አለሁልሽ፤ እስኪበቃሽ ነው የማጨበጭብልሽ።»

ለማጨብጨብ ትሪሽም ቃል ገብታለች። ሎርና ስልኩን ኪሷ ከታ አካፋውን አነሳች። ተናዳለች፤ ግን ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ በቅጡ አልለየላትም፤ ከፊቷ ካለው ግማሹ የባንጆ መሆኑን ታውቃለች።

የአጥሩ በር ሲጢጥ ሲል ዞር አለች። ባንጆ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ። ኦረስት በሩን መለስ አድርገው ዘጉ፤ በር ከፍቶ መሄድ ገበሬ ቤት ነውር ነው፣ ያንን አልረሱም። ቀጥለው ጎንበስ አሉና ማሰሪያውን ፈቱት።

«አባዬ፣ ማን ውጣ አለህ?»

«ውሻው ነዋ። በር ላይ ቆሞ አላስቀምጥ አለኝ።» ሜዳውን ዙሪያውን ቃኙና ፊታቸውን አጨማደዱ። «በረቱን ሳታጸጂ ነው እንዴ የከረምሽው?»

«በረት አይደለም፣ አባዬ። የኳስ ሜዳ ነው።»

ኦረስት እግራቸው ሥር ያለውን አተኩረው አዩት። «የምን ከብት ነው ይሄ? ታሟል እኮ።»

ሎርና ሳታስበው ሳቀች። እሳቸው ግን ቀልድ አልያዙም። አጥሩ ላይ የተደገፈውን ሁለተኛውን አካፋ አንስተው ጥግ ያዙና ጀመሩ። ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው ሰውዬ፣ አካፋ ሲይዙ እጃቸው ሁሉን ያውቃል፤ አንድም ሳይዘሉ፣ መስመር ይዘው፣ ከሷ እጥፍ ፈጠኑ። ባንጆ አጥሩን ታክኮ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ደገመ፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ከመስመር እንዳይወጡ ይጠብቃቸው ጀመር። ሎርና አባቷን እንዲህ ካየቻቸው ቆይቷል። ደስ አላት፣ ደስታዋም አስፈራት።

ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ፒክአፕ መኪና አጥሩ ጋ ቆመ። የወረደው ጋርዝ ነው። ጋርዝ በዚህ ሜዳ ትንንሾቹን ልጆች ኳስ ያስተምራል፤ የሜዳው መሰጠት ዋና ተቃዋሚም እሱ ነው። ባንጆን ሁለቱንም ጊዜ የከሰሰውም እሱ ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ሎርና።»

«እንዴት አደርክ፣ ጋርዝ።»

አጥሩን በጣቶቹ ይዞ ባልዲዎቹን አያቸው። «ኑና እዩ ያልሽው ይሄንን ነው?»

«ይኸው እያነሳሁ ነው።»

«አየሁ።» የሜዳውን አንድ ጥግ በጣቱ አሳየ። «አምና የልጄ ልጅ እዚያ ጋ ተንሸራታ ገባች። በቤዝቦል ሯጭ እየተንሸራተተ ነው መድረሻው ላይ የሚገባው፤ በደረቷ እንድትንሸራተት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስትነሳ ልብሷን ተይው፣ የውሻ ቆሻሻው አፏ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እናቷ ከዚያ ወዲህ ሜዳ አምጥታት አታውቅም። ልጆቹ ተመናመኑ ትያለሽ ስብሰባ ላይ። ለምን እንደተመናመኑ ጠይቀሻል?»

ሎርና ይህን አልሰማችም ነበር። «ማንም አልነገረኝም» አለች።

«አሁን ነገርኩሽ። ውሻ መሮጥ አለበት ያልሽው ልክ ነው፤ እኔም ውሻ ነበረኝ። ዛሬ ሁሉን ታነሺዋለሽ፣ እሺ። የነገውን ማን ያነሳዋል? ትሪሽ? ዳግ?»

ጋርዝ ዓይኑን ከሷ ወደ ባንጆ መለሰ።

«ውሻው አልታሰረም።»

«አጥር ውስጥ ነው፣ ጋርዝ።»

«ሜዳው ገና ለውሻ አልተፈቀደም። በደንቡ ከሄድን መንገድ ላይ እንደተለቀቀ ነው።»

ሎርና ሦስተኛውን ክስ አሰበች። ኦረስት ወሬው ስለረዘመባቸው አካፋቸውን ተመርኩዘው ቀረብ አሉ። «አንተ፣ ቆመህ ከምታወራ ይቺን ባልዲ አትደፋልንም?»

«ደህና ነዎት፣ ኦረስት?»

«ደህና ነኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማነው ይሄ? ሥራ አይወድም።»

ጋርዝ ፈገግ አላለም። በሩን ከፍቶ ገባ፤ ሁለቱን ባልዲ አንጠልጥሎ መኪናው ላይ ያለው በርሜል ውስጥ ገለበጣቸውና መልሶ አመጣ። «ስለ ውሻው ማታ ምን እንደምል እኔም አላውቅም» አለና ሄደ።

ማታ ከንቲባዋ ቤቭና አራቱ የምክር ቤት አባላት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱበት። ጭቃ እንጂ ሌላ አላገኙም። «ጎሽ፣ ሎርና» አለች ቤቭ። «እኔስ ጉድ እናያለን ብዬ ፈርቼ ነበር።» ከዚያ ሁሉም መንገዱን ተሻግረው ወደ ስብሰባው ክፍል ገቡ። ትሪሽና ዳግ የፊት ወንበር ይዘዋል። ኦረስት ኋላ ተቀምጠዋል፤ ባንጆ እግራቸው ሥር ተኝቷል፣ ማሰሪያውን ሎርና ራሷ ከወንበሩ እግር ጋር አጥብቃ አስራዋለች። ጋርዝ በመስኮቱ በኩል ክንዱን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ሜዳው ንጹሕ ነው፤ ሁላችንም አይተናል» አለች ቤቭ። «ጋርዝ፣ ተቃውሞ ካለህ ተናገር።»

«መጀመሪያ ሎርና ትናገር» አለ ጋርዝ።

ሎርና ተነሳች። ትሪሽ ገና ከአሁኑ አጨበጨበች። የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ ስለ ውሾች ጤና፣ ስለ አረጋውያን፣ ሜዳው ላይ ስለሚገናኙ ጎረቤቶች። ያንን ብትናገርና ብትቀመጥ እንደምታሸንፍ የአባላቱ ፊት ይነግራታል። ጋርዝን ላለማየት ብትጥርም አየችው። የሚያስፈራራት ፊት አልነበረም። የምትለውን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

«ሜዳው ዛሬ ጠዋት እንዲህ አልነበረም» አለች። «ጋርዝ ደርሶ አይቷል። በረዶው የሸፈነውን ሁሉ እኔና አባቴ ነን ያነሳነው። እናጸዳለን ያልኳችሁ ውሸት ሆነ። አናጸዳም ነበር፤ እኔም ጭምር። ልጆች በደረታቸው የሚንሸራተቱበት መሬት ላይ ነው ያንን የተውነው።»

ትሪሽ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ዳግ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ታዲያ አሁን ምን እያልሽ ነው? ጥያቄውን ተውሽው?» አለች ቤቭ።

«አልተውኩትም። ሜዳው ያስፈልገናል። አባቴ ውሻ ማሰር አይችልም፣ እዚህ ዕድሜው ላይ አላስተምረውም። እንደሱ ያሉ ሌሎችም አሉ። ይህን በጋ ብቻ ሞክሩን፤ ካቆሸሽነው ንጠቁን።»

ቤቭ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ጋርዝ፣ የምትለው ነበረህ።»

ጋርዝ ኋላ የተቀመጡትን ሽማግሌና እግራቸው ሥር የተጋደመውን ውሻ አየት አደረገ። «ነበረኝ» አለ። «አሁን የለኝም።»

እጅ ተነሳ። ሦስቱ ደገፉ፣ ሁለቱ ተቃወሙ። ለበጋው ብቻ ተፈቀደ። ዳግ ማጨብጨብ ጀምሮ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። ሎርና የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ሰው ፊት ሆነና ዋጠችው።

ቤቭ ከቦርሳዋ አዲስ ጓጉንቸርና ቁልፉን አወጣች። «በሩ ከዛሬ ጀምሮ የሚቆለፍና የሚከፈት ይሆናል። ጠዋት የሚከፍት፣ ከቆሸሸ ደግሞ የሚዘጋ አንድ ኃላፊ እንፈልጋለን። መቼም ከአንቺ ሌላ ማን ይሆናል፣ ሎርና» ብላ ቁልፉን ዘረጋችላት።

ሎርና ቁልፉን ተቀበለች። ቀዝቃዛ ነው። እሷ ዘንድ ከዋለ በሩ ለአባቷ መቼም አይዘጋም፤ ቢቆሽሽም ታልፈዋለች፣ ለትሪሽም ለዳግም ታልፋለች፣ ራሷን ታውቃለች። በዚህ ከተማ አይቶ ዝም የማይል ሰው አንድ ብቻ ነው። ወንበሮቹን አልፋ መስኮቱ ጋ ደረሰችና ቁልፉን ጋርዝ ፊት ያዘችለት።

ጋርዝ አልተቀበላትም። «እኔ ከያዝኩት፣ ቆሻሻ ባየሁ ቀን እዘጋዋለሁ። ለማንም አላደላም።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽም ከነውሻቸው ውጭ ይቀራሉ።»

ሎርና ዞር ብላ አየች። ኦረስት ተጎንብሰው የባንጆን ማሰሪያ ከወንበሩ እግር እየፈቱ ነበር።

«ይቀራል» አለችና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችው።