ነፋስ የበላው «አት»

ሰምተሻል አይደል፣ ወይስ በዚያኛው ጆሮሽ ልድገምልሽ፣ ይላታል ባሏ፣ ይስቃል፣ ጫፉ ላይ ላምባ የጠጣ ጨርቅ የተጠመጠመበትን ዱላ እጇ ላይ ይጥልላታል፣ ክብሪቱን ደግሞ ለውሻ አጥንት እንደሚወረወር ወደ ደረቷ፣ ሰንሰለቱን ታች ረስቼዋለሁ፣ አምጥቼው በወንዙ በኩል እወጣለሁ፣ ትጠሪኛለሽ፣ ከወጣሁ እመልስልሻለሁ፣ ከዚያ ትለኩሻለሽ፣ ገባሽ ግማሽ፣ ገብቶኛል ትላለች፣ ግማሽ ስሟ ነው፣ መጀመሪያ ግማሽ ጆሮ ነበር፣ እየዋለ እያደረ ጆሮው ከስሙም ላይ ወደቀ።

ይወርዳል። ጀርባው ሰፊ ነው፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል፣ ጎረቤቶቹ ትራክተር ይሉታል፣ ማድነቃቸው ነው፣ ሌላው ሰው ዓመት ሙሉ ታግሎ የማይጥለውን ጫካ እሱ በአንድ በጋ ያጋድመዋል፣ ያጋደመውም ይኸው ከእግሯ ሥር፣ ከቤቱ በታች ተጠርጎ ከተተወው ባዶ አፈር ጀምሮ እስከ ወንዙ፣ ግንድ በግንድ ላይ፣ ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ሆኖ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ፣ እሳት ብቻ የጎደለው፣ ዛሬ አመድ ነገ ማሳ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ይላል፣ ሁልጊዜ ሊቀድመው የሚያደባ ነገር አለ፣ ዝናብ፣ የዱር አሳማ፣ እሷ። ከወንዙ ወዲያ ሰው የለም። ከቤቱ በላይ መንገዱ ያልቃል፣ የጭነት መኪናው አፍንጫውን አዙሮ ይመለሳል። መሬቱ ሲሰጥ አንድ ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ ነበር አሉ፣ ግንድ ላይ ቆሞ፣ እያንዳንዱ አልሚ ቤተሰብ የአገር ወሰን ጠባቂ በመሆኑ ተገቢው ጥበቃ ይደረግለታል፣ አለ፣ ወረደ፣ ጫማውን ጠረገ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሕግ፣ ፖሊስ፣ ዳኛ የሚባለው ሁሉ ሹፌሩ ጎማ እስኪቀይር የሚያወራው ተረት ነው፣ ከጎኔ ወንበር አለ እኮ፣ ይላታል ሹፌሩ፣ ይቀልዳል፣ የማይቀልድ እንደሆነስ፣ ልጄንስ የት ላስቀምጣት፣ ጭንሽ ላይ፣ ይላል፣ ጎማውን ያጠብቃል፣ ይሄዳል።

እዚህ ሌላ ሕግ ነው ያለው። ሥራ ላይ አት አይባልም። ያወጣው የባሏ አባት ነው፣ ሽማግሌው፣ ነፍሱን ይማረው እንበል፣ ግንድ በገመድ ይዘው ቁልቁል ሲያወርዱ ታች የነበረው ወንድሙ አትልቀቁ ብሎ ጮኸ፣ ነፋሱ አቱን በላው፣ ላይ ያሉት ልቀቁ ሰሙ፣ ለቀቁ። ወንድምየውን በጆንያ ነው የሰበሰቡት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ማለ፣ አት ብሎ የሚጀምር ጥርሱን ከመሬት ይለቅማል፣ ቆይ በሉ፣ ያዝ በሉ፣ ተው በሉ፣ ራሱ ሲቆረጥ የሚገለበጥ ቃል በኔ መሬት ላይ እንዳልሰማ፣ ሕጉ ከማሳው ወደ ቤት ገባ፣ ልጅ እሳት ስትጠጋ አትንኪ የሚላት የለም፣ ተዪ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ከመሬት የለቀሙትም የገዛ ሚስቱ ናቸው፣ አማቷ፣ እስከ ዛሬ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ ብዙ ስለማይስቁ ብዙም አይቸገሩም።

እሷ ግን ሕጉን አታውቅም ነበር። አዲስ ሙሽራ፣ ከነሻንጣዋ ከመኪናው የወረደች፣ ጫማዋ ነጭ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ነጭ ጫማ፣ ድስቱ አረረባት፣ እሱ ከጫካ ገባ፣ ድስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ አትምታኝ አለችው። ቆም አለ። ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ፣ ምታኝ ነው የሰማሁት፣ አለ፣ ሳቀ፣ መታት። ያኔ ነው ንቡ የገባው፣ በግራ ጆሮዋ፣ ዝዝዝ፣ ትንሽ ቆይቶ ይወጣል ብላ ነበር፣ አልወጣም፣ ዛሬም እዚያ ነው፣ ከሱ በቀር በዚያ በኩል የሚገባ ነገር የለም። ቀልዱን ወደደው፣ ሰው ሲሰበሰብ ያወጣዋል፣ እኔ እኮ የምታዘኝን ነው የማደርገው፣ ይላል፣ ጎረቤቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፣ ትራክተር አፍም አለህ ለካ፣ እሷም ትስቃለች፣ አለመሳቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ዛሬ ጠዋት። ተዪው። ዛሬ ጠዋት ድንቢጥ፣ ልጇ፣ የፊት ጥርሷ ገና ወልቆ ያልተተካ፣ ላምባውን በክርኗ ገፍታ ደፋችው፣ ጠርሙሱ ተንከባለለ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እሱ ተነሳ፣ እሷም ተነሳች፣ ዓይኗ እጁ ላይ ነበር፣ ያንን እጅ ታውቀዋለች፣ የራሷን ፊት እንኳ እንደዚያ አታውቅም፣ አፏን ከፈተች፣ ተው ማለት ነበረባት፣ ተው የሚቆረጥ ነገር የለውም፣ ተው ቢቆርጡትም ተው ነው፣ ግን ከሻንጣዋ ጋር የመጣው የድሮ አፏ ቀደማት፣ አትምታት። ምታት፣ አለ እሱ፣ ለልጅቷ እያሳየ፣ ይኸው ሰማሽ፣ እናትሽ ናት ያለችው። በግራ በኩል። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ምናለ ብታለቅስ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ከድና ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ታያለች፣ በኋላ እሱ ወጣ ሲል መጣች፣ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አደረገች፣ እማ፣ ንቧ መቼ ነው የምትወጣው።

ንቧ። ስለ ንቡ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሁን እዚህ ናት፣ ዱላው በእጇ። ነፋሱ ከኋላዋ ነው፣ ከቤቱ ወደ ወንዙ፣ ጥሩ ነፋስ፣ ቀጥ ያለ፣ እሱን ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት፣ የላይኛውን ሰው ድምፅ ተሸክሞ ያወርዳል፣ የታችኛው ግን ነፋሱን እየገፋ ነው የሚወጣው፣ ሲደርስ ደክሞት፣ ተሸራርፎ፣ ለዚህ አይደል ሕጉ። ክብሪቱን ትጭራለች፣ ጨርቁ ቡፍ ይላል፣ ጭሱ የጠዋቱን ይሸታል፣ የወለሉን፣ የልጇን እጅጌ። ወጣህ፣ ትጮሃለች፣ ወጣህ ወይ። የሚመልሰው ቅጠሉ ብቻ። በሩ ላይ አማቷ በቆሎ ይፈለፍላሉ፣ አጠገባቸው ድንቢጥ ተቀምጣለች፣ አንድ ነገር ትላለች ወይስ ታለቅሳለች፣ በጎን ትዞራለች፣ ለመስማት፣ ለመስማት ብቻ ነው፣ እናት አይደለች፣ ደኅናው ጆሮ ወደ ልጇ ሌላው ወደ ማሳው፣ ልክ ያን ጊዜ፣ ከታች።

ለኩሺ።

ለኩሺ ነው ያለው። ለ። ኩ። ሺ። ከፊቱ አንድ ነገር ነበረ፣ አልነበረም፣ ነበረ፣ ሳል የሚመስል፣ ጭራሮ ሲሰበር ቀጭ የሚለው ዓይነት፣ ወይም ንቧ ናት፣ ንቧ ሁሌ አንድ ነገር ትላለች። ያልወጣ ሰው ቆዪ ነው የሚለው፣ ቆዪ አላለም፣ በአባቱ ሕግ ቆዪ ካላለ ወጥቷል፣ በአባቱ ሕግ ደግሞ የተጠራጠረ ይደግማል፣ መድገም ይቻላል፣ አፍ አለኝ፣ ነፋሱም ከእኔ ጋር ነው፣ አንዴ ወጣህ ወይ ማለት፣ የአንድ ትንፋሽ ሥራ፣ ለጎረቤት አሳማ እንኳ የሚደረግ፣ አፏን ትከፍታለች፣ ጭሱ ይገባባታል፣ ላምባ፣ ላምባ፣ ምታት፣ እናትሽ ናት ያለችው፣ አፏን ትዘጋለች። እኔ እኮ የሚያዘኝን ነው የማደርገው፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ቀልዱ የሱ ነው፣ ድምፁም የሱን መሰለ፣ ዱላውን ዝቅ ታደርጋለች። ቅጠሉ ዱላው እስኪነካው እንኳ አልጠበቀም።

እሳቱ አይሄድም፣ ይዘላል፣ እዚህ ነበር ሲሉት እዚያ ነው፣ ግንዱ እንደ ጥይት ይተኩሳል፣ ነፋሱ ወደ ውስጥ ይጠባል፣ ቀሚሷን እንደ እጅ ይጎትታታል ነይ ነይ እያለ፣ የዛፎቹ ሙጫ ይፈላል፣ ወፎች ሳይሆኑ ወፍ የሚመስሉ ጥቁር ነገሮች ወደ ሰማይ ይወጣሉ፣ ከመሃል የሆነ ነገር ይጮሃል፣ አሳማ ነው፣ ጫካ ሲቃጠል አንድ አሳማ አይጠፋም፣ አሳማ እንደ ሰው ነው የሚጮኸው፣ ሁሉም ያውቃል፣ አንዴ ይጮሃል፣ ደግሞ ይጮሃል፣ የእሷን ስም የሚጠራ አሳማ፣ ግማሽ የሚል አሳማ፣ ትዞራለች፣ በባዶው አፈር ላይ ወደ ቤቱ ትወጣለች፣ ሩጪ ይላታል እግሯ፣ አትሮጥም፣ ሥራዋን የጨረሰች ሴት ለምን ትሮጣለች።

መለሰልሽ፣ ይላሉ አማቷ፣ ከበቆሎው ቀና ሳይሉ።

መለሰልኝ እማማ።

ምን አለሽ።

ለኩሺ።

ፍሬው ባልዲው ውስጥ ይንጣጣል፣ ይንጣጣል፣ ከዚያ ያቆማል። በየትኛው ጆሮሽ ነው የሰማሽው፣ ይላሉ። የበቆሎው ራስ አማቷ እጅ ላይ ግማሹ ተፈልፍሎ ግማሹ ቀርቷል፣ አሮጊቷ ጭሱን ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ድንቢጥ ይዞራሉ፣ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ የጣቶቹ ሰንበር እዚያ ነው፣ ቀይ፣ ያበጠ፣ እንደ ተክል ሥር ወደ ጆሮዋ የሄደ፣ ሌላ ልጅ የለኝም፣ ይላሉ፣ ለማን እንደሚሉ አይታወቅም፣ ለበቆሎው ይመስላል፣ ሌላ አልወለድኩም፣ አውቃለሁ እማማ፣ ምኑን ታውቂያለሽ አንቺ።

ከጭሱ ውስጥ ይወጣል።

መጀመሪያ ጉቶ መስሏት ነበር። ጉቶ አይራመድም። በባዶው አፈር ጠርዝ በኩል፣ ጎንበስ ብሎ፣ የራሱ ፀጉር በአንድ በኩል የለም፣ በዚያው በኩል ሸሚዙና ቆዳው የትኛው የት እንደሚያልቅ አይለይም፣ አንድ ዓይኑ ተከድኗል፣ ግማሽ፣ ትላለች በልቧ፣ ይኸው ግማሽ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሰንሰለቱ በእጁ ነው፣ ሊያመጣው ሄዶ አመጣው፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው፣ ሰንሰለቱ ከኋላው አፈሩን እያረሰ ይከተለዋል፣ አትለኩሺ አልኩሽ፣ ይጮሃል፣ አሁን ቅርብ ነው፣ አሁን ሁሉም ፊደል ይደርሳል፣ አትለኩሺ ነው ያልኩሽ አንቺ የውሻ ልጅ፣ አት፣ አት፣ አትለኩሺ።

አት አልክ፣ ይላሉ አማቷ። እሱ እንዲሰማ አይደለም። እጃቸው አፋቸው ላይ ነው፣ ሳቅ ግን አይደለም፣ ጥርሶቹ የነበሩበትን ቦታ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ አት አለ፣ የአባቱ ልጅ።

ለኩሺ ነው የሰማሁት፣ ትለዋለች እሷ፣ በሙሉ ድምጿ፣ ድምጿ ሙሉ እንደሆነ ረስታው ነበር።

ሰንሰለቱን ይጠቀልላል፣ አንዴ በመዳፉ ዙሪያ፣ ይመጣል። አማቷ ይነሳሉ፣ በቆሎው ከጭናቸው ይበተናል፣ ድንቢጥን በክንዷ አንጠልጥለው ወደ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ መወርወሪያውን ሲያነሱት ትሰማለች፣ በሩን ከውስጥ የሚጠርቀው ያ ክንድ የሚያክል ጥቁር እንጨት፣ በደኅናው ጆሮዋ ትሰማዋለች፣ ዘጉብኝ፣ ትላለች፣ ምን ይደረግ፣ እናቱ ናቸው፣ ልጄን ካስገቡልኝ ይበቃኛል፣ ልጄ ውስጥ ናት፣ ይዝጉት፣ በደንብ ይዝጉት። መወርወሪያው በበሩ ክፍተት ይወጣል፣ ጫፉ ወደ እሷ። ያዢ፣ ይላሉ አማቷ፣ ፊታቸው አይታይም፣ እጃቸው ብቻ፣ የተሸበሸበ፣ ያዢ እንጂ።

ትይዘዋለች። ይከብዳል፣ የብዙ ሰው መዳፍ አልስልሶታል፣ እማ፣ ትላለች ድንቢጥ ከጨለማው ውስጥ፣ እማ ንቧ፣ እሺ ድንቢጥ፣ አሁን፣ እሷ በጎን ትዞራለች፣ ደኅናው ጆሮ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደሱ። እንጨቱን ያያል። ይቆማል፣ የደረሰበት ላይ፣ ሰንሰለቱ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የተላጠ ከንፈሩ ይከፈታል፣ ነፋሱ ከኋላዋ ይመጣል።

ሞክሪው፣ ትሰማለች፣ እንጨቱን ታነሳለች።

በሩ ይዘጋል።