ጤፍ የገባው ላፕቶፕ

ሉብና ከገበያ ያመጣችውን አንድ ኪሎ ሩዝ ወለሉ ላይ ጥላ ላፕቶፑን ስታዘቀዝቀው፣ ከቁልፎቹ መካከል ጤፍ ረገፈ።

"እማ፣ ምን ውስጥ ነው የከተትሽው?"

"እህል ውስጥ ይቀመጥ አላለም ሠሪው?" አለች እናቷ አሲያ።

"ሩዝ ነው ያለው።"

"አንቺ ቆየሽብኛ። ጤፉስ እህል አይደለም?"

የራሷ ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር። ላፕቶፑ ግን የሥራ ባልደረባዋ የዝናው ነው። የተማሪዎቿን ውጤት እንድትሞላበት ትናንት አዋሳት። ሁለት ዓመት የደከመበት የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያው ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አልገለበጠውም። ሰኞ ደሴ ሄዶ ያቀርበዋል። ዛሬ ጠዋት የሉብና ክርን የአብሽ ብርጭቆውን መትቶ ቁልፎቹ ላይ ደፋው።

ከዚያ ወዲህ ማንን እንደምትሰማ ጠፋት። ጎረቤታቸው ኡስማን ፀሐይ ላይ አሰጣው። ወንድሟ ሙሐዲን ፀሐይ ያበላሸዋል ብሎ ወደ ጥላ መለሰው። ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ።

በባጃጅ ይዛው ወደ ኢምራን ጥገና ቤት ሄደች። ጠዋት በስልክ ሩዝ ያላት እሱ ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ውስጡም ጤፍ ነበር።

"ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ይበቅል ነበር" አለና በብሩሽ ይጠርግ ጀመር።

"ይሠራል?"

"ሊሠራም ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል።"

"ውስጡ ያለው ጽሑፍስ?"

"አሁን ባበራው እናውቃለን። እርጥበት ካለው ግን ጽሑፉም አብሮ ሊቃጠል ይችላል። ደሴ ሳያበሩ ጽሑፉን የሚያወጡ አሉ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።"

"ታዲያ የቱ ይሻላል?"

"ንብረቱ ያንቺ፤ አንቺ ምረጪ።"

ስልኳ ጠራ። ዝናው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ደውሎ አላነሳችለትም። ከበራ ምንም ሳትነግረው ልትመልስለት ትችላለች። ካልበራስ? ሐሳቧ እዚያ ላይ እየደረሰ ይቆም ነበር።

ኢምራን ጣቱን ማብሪያው ላይ አደረገ። "ላብራው?"

"ቆይ" አለችው። "የኔ አይደለም።"

ስልኩን አነሳች።

"ዝናው፣ ላፕቶፕህ ላይ አብሽ ደፍቼበታለሁ። ኢምራን ጋ ነን። ይብራ አይብራ የምትወስነው አንተ ነህ፤ እስክትመጣ ማንም አይነካውም።"

ሉብና ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ በግራ እጇ ለሱ ሁለተኛ ወንበር ስባ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠች።