ብሮውዘሩ ፈቃድ ጠየቀ

ጢሞቴዎስ የሠራው ስሕተት አንድ ብቻ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ተረጎመ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካሉት የዞን መምሪያዎች በአንዱ፣ አቶ ደግፌ ቢሮ ውስጥ፣ ከካምባ ወረዳ የመጣችው መምህርት ባዩሽ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ከተኙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚያነሱ የሚያስተኟቸው ጎረቤቶች ናቸው። ባዩሽ ወደ አርባ ምንጭ ለመዛወር ጠይቃ ሁለቴ ተከልክላለች። ዛሬ የመጨረሻው ይግባኟ በቪዲዮ ይሰማል። የጥሪ ደብዳቤው እንደሚለው ከመምሪያው ኮምፒውተር፣ ከመምሪያው ሠራተኞች አንዱ በታዛቢነት ባለበት፣ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከሩብ መቅረብ አለባት። ካልቀረበች ይግባኙን እንደተወችው ይቆጠራል።

ሊታዘቡ የተቀመጡት አቶ ደግፌ ናቸው። ኮምፒውተሩም የሳቸው ነው፤ ማለትም በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርመው የተረከቡት። ከዶርዜ ያሠሩለትን ባለ ጥለት ልብስ ገለጡ፣ አጠፉ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያም የስብሰባውን ሊንክ ራሳቸው ተጫኑ። ብሮውዘሩ ተከፈተና መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች።

«ምን ትላለች?» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ጢሞቴዎስ የመምሪያው የአይሲቲ ባለሙያ ነው። ኢስቶኒያ አምስት ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው፤ የተመለሰበትን ምክንያት ግን በየሳምንቱ ይቀያይረዋል።

«የስብሰባውን ፕሮግራም ለመክፈት ፈቃድ እየጠየቀች ነው» አለ።

አቶ ደግፌ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ።

«ማንን?»

«እርስዎን። ማለቴ፣ ፊቷ የተቀመጠውን ሰው።»

«እኔ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የለኝም።»

ጢሞቴዎስ ቀልድ መሰለው። የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን ማስረዳት ጀመረ። «ጋሽ ደግፌ፣ ብሮውዘር ድረ ገጽ ያሳያል እንጂ ይሄን ስብሰባ አያካሂድም። ሊንኩን ያይና ‹ይሄ የኔ ሥራ አይደለም› ብሎ ለሌላ ፕሮግራም ያስተላልፈዋል። ከማስተላለፉ በፊት ይጠይቃል፤ በቃ።»

«ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል በለኛ።» የአቶ ደግፌ ፊት በራ፤ ኮምፒውተሩን እንደዚህ ወደውት አያውቁም። «እኛው ነን እኮ። ይሄ የሚመራለት ፕሮግራም ማን አስገባው?»

«እኔ። ትናንት ጫንኩት።»

«በማን ትእዛዝ?»

አቶ ደግፌ መልሱን ሳይጠብቁ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ።

«ይቺስ ከታች ያለችው?»

«‹ሁልጊዜ ፍቀድ› ነው የምትለው። እሷን መንካት አያስፈልግም።»

«ሁልጊዜ?» አቶ ደግፌ ወደ ባዩሽ ዞረው በትዝብት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ኃላፊ በዓመት ሁለቴ በሚቀየርበት መሥሪያ ቤት ‹ሁልጊዜ› የሚል ፈቃድ አይቼ አላውቅም።»

ፈሪ ሆነው አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኃላፊው ባልነበሩበት ለአንድ የመስክ መኪና መውጫ ፈርመው፣ መኪናው ገደል ገባ። ሰው አልሞተም። እሳቸው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ለሚመጣው የምርመራ ደብዳቤ ሁሉ መልስ ሲጽፉ ኖሩ።

አሁንም ጻፉ። «ጉዳዩ፦ ለብሮውዘር ፈቃድ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ» አሉና ከሥሩ ሦስት መስመር አክለው፣ «ማንም እንዳይነካ» ብለው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጡ። ለአራት ሰዓት አራት ደቂቃ ይጎድል ነበር።

ሁለቱ ቀሩ። ጢሞቴዎስ በቢሮው መስኮት አባያ ሐይቅን እያየ ቆመ። ኢስቶኒያ፣ ታሊን እያለ እራት ላይ ስለ አገር ቤት ቢሮዎች እንዲህ ዓይነት ታሪክ እያወራ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። በታሪኩ ውስጥ እሱ የቱ ሰው እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። ከጣቱ እስከ ማውሱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የሥራ ውሉ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ የሚያድሱት ፎቅ ያሉት ናቸው። አራት ሰዓት ሲሞላ እጫነዋለሁ አለ በልቡ። አራት ሰዓት ሞላ። አምስት ደቂቃ ሲያልፍ እጫነዋለሁ አለ።

«ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ተማርክ?» አለች ባዩሽ።

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ? ሃያ ሁለት።»

«ይሄንኑ ነገር?»

«ይሄንንም።»

«እና የሚጫኑት የቱ ነው?»

«ግራ በኩል ያለው። ሰማያዊው።»

ተነሥታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ማውሱን ያዘችና ተጫነች።

ሦስት የኮሚቴ አባላት ብቅ አሉ። የመሀሉ ሰብሳቢ ሙዝ እየላጠ ነበር። «መምህርት ባዩሽ? ቀርታለች ብለን ልንመዘግብ ነበር።»

«አለሁ» አለች።

አላለቀሰችም። እናቷ በቀን ስንት ጊዜ መገላበጥ እንዳለባቸው፣ ጎረቤቷ ጸሎት ስትሄድ ማን እንደሚገላብጣቸው ተናገረች። ካምባ ላይ ማን ይተካሻል አሏት፤ እዚያ መመደብ የሚፈልግ መምህር ስም ሰጠች። ሰብሳቢው ሙዙን አስቀመጠ። «ተፈቅዷል። የታዛቢው ፊርማ ዛሬውኑ ይላክልን፤ አለዚያ ውሳኔው አይጸናም።» ስክሪኑ ሲጠፋ አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ነበር።

አቶ ደግፌ ትንሽ ቆይተው እያለከለኩ ገቡ። ይዘውት የወጡት ደብዳቤ ጥግ ላይ ምክትል ኃላፊው በቀይ ጽፈውበታል፦ «የሚመለከተው አካል እስኪታወቅ ለጊዜው እንዳይከፈት። 4፡16።»

«ተከፍቷል» አለ ጢሞቴዎስ።

«ማን ከፈተው?»

አፉን ከፈተ። የባዩሽ ቃል ቀደመው። «እኔ ነኝ። ይግባኜ ተሰምቶልኛል፤ ፈቅደውልኛል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

አቶ ደግፌ ቁጭ ብለው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት።

«ስንት ሰዓት አለቀ?»

«አራት ከአሥራ ሦስት» አለ ጢሞቴዎስ።

«እርስዎ የመምሪያው ሠራተኛ ነዎት?» አሉ እንደ ቃል ተቀባይ ወደ ባዩሽ ዞረው።

«የወረዳው ነኝ።»

«እንግዲህ እገዳው ከመጻፉ ሦስት ደቂቃ በፊት፣ እገዳው በማይመለከተው ሰው ተከፍቶ ተዘግቷል።» ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚቀምስ ሰው ነው የተናገሩት። «ለዚህ ደብዳቤ መልስ እኔ እጽፋለሁ። ይሄን አውቅበታለሁ።»

የታዛቢውን ቅጽ አወጡ። ባዩሽ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው፤ አልተቀበሏትም።

«እኔ ግን አልነበርኩም። ያላየሁትን አልፈርምም» አሉና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ወደ ጢሞቴዎስ ገፉት። «አንተ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«የመምሪያው ሠራተኛ ነህ?»

ጢሞቴዎስ ወደ ባዩሽ ዞረ። እስክሪብቶውን እንደዘረጋች ቆማለች፤ አትለምነውም፣ ታየዋለች ብቻ። ሰኔ ሊገባ ሦስት ወር ቀርቶታል።

«እስከ ሰኔ» አለና እስክሪብቶውን ተቀበላት። ፈረመ፤ ከፊርማው ሥር ስሙን ጻፈ።

አቶ ደግፌ ማኅተሙን ይዘው አጎንብሰው አዩት።

«ስምህን እስከ አያት ጻፈው» አሉ።