ፈቃዱ እስኪመጣ

እና እኔ ደግሞ ፈቃድ ይምጣ አልኩ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ይምጣ ይምጣ አልኩ፣ ጣሊያኑ ሹም ሮቢት ተቀምጦ ደብረ ብርሃንን ይጠይቃል፣ ደብረ ብርሃን አዲስ አበባን ይጠይቃል፣ እኔ ጭቃ ሹሙ ከቢር በገዛ እጄ መንደሩን ካጠርኩበት እሾህ ስር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ከእሾሁ ወዲያ ልጄ ፈንጣጣ ይዟት ተኝታለች። ጣይባ። አንድ ልጄ።

አሁን ውሃ ይዤ እየወጣሁ ነው፣ እንስራው ትከሻዬን በላው፣ ይብላው። ወንድ ውሃ ተሸከመ ብለው ይሳቁ። ጎረቤቴ ሙሀባ ከፊቴ ናት፣ እሷም እንስራ አዝላ በዚህ ሐሩር ዳገቱን ቶሎ ቶሎ ትወጣለች፣ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። በሁለተኛው ቀን መጥታ ነግራኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ፣ የኔንም ያንቱንም ፊት ይዩት፣ በልጅነታችን ወጥቶብናል፣ አንዴ የወጣበትን አይደግመውም፣ ድሮም የምናስታምመው እኛ ጠባሳዎቹ ነን፣ ሰዉ ሁሉ ወድቋል፣ ወንዝ የሚወርድ የለም፣ እንግባ። ትእዛዙ ማንም አይግባ ማንም አይውጣ ነው የሚለው አልኳት፣ ጠባሳ ያለበት ይግባ አይልም፣ አስጠይቄያለሁ። ውሃ ለማጠጣት ወረቀት? አለችና ሄደች።

ፈራሁ። ምን ልዋሽ፣ ፈራሁ። አምና ትእዛዝ የጣሰውን ጭቃ ሹም ገበያ መሃል ሲገርፉት አይቻለሁ፣ ጀርባውን አይቻለሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ከላይ ከጉብታው ጮኸች፣ ጋሽ ከቢር፣ ጣይባ ውሃ ውሃ ትላለች፣ እኔም ታምሜ መቆም አቃተኝ፣ አለች። ተነሳሁ፣ ወላሂ ተነስቼ ነበር፣ እሾሁን ያዝኩት፣ እጄ ደማ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገ መልሱ ይደርሳል ብዬ። ነገ! አይ ከቢር፣ አይ የማትረባ ሽማግሌ።

ዛሬ ጠዋት ደረሰ። አስተርጓሚው ይልማ ማኅተሙን አሳየኝ፣ አነበበልኝ፣ ጋሽ ከቢር፣ አዲስ አበባ የሚለው ይኸን ነው፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመውን የሚመርጠው የቦታው ጭቃ ሹም ነው፣ ለእንዲህ ያለው ነገር እኛን አትጠይቁ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ስድስት ቀን ሙሉ እኔው ጋ ነበር። የምጠብቀው ሰው እኔው ነበርኩ፣ ያ ረቢ፣ እኔው።

ደረስን። በሩ ገርበብ ብሏል። ጣይባ፣ አባትሽ ነኝ፣ ውሃ ይዤልሻለሁ፣ ጣይባ፣ ሙሀባ ቀድማኝ ትገባለች፣ ቤቱ ዝም ብሏል፣ ዝንብ ብቻ፣ ጣይባዬ፣ ተናገሪ እንጂ። ሙሀባ ትወጣለች። እንስራውን ከትከሻዬ ታወርዳለች፣ አይኔን አታየኝም። ኢናሊላሂ፣ ጋሼ። ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም።

አልቀዘቀዘም። ትናንት ብመጣ። ዛሬ በጠዋት፣ ድገመው ድገመው እያልኩ ከይልማ ጋር ስነታረክ፣ ያኔ እንኳ ነበረች? አትጠይቅ። እገባለሁ ስል ደረቴን ትገፋኛለች፣ አንቱ እዚሁ ይቆዩ፣ ሴት ልጅ ናት፣ እኔ አጥባታለሁ። እሺ። ደጅ ቁጭ እላለሁ፣ መቀመጥ ለምጄ የለ።

ወዲያው ከጓሮ በኩል ትጣራለች፣ ጋሼ፣ ጎረቤቶቿ ነፍሳቸው አለ፣ ሦስት ናቸው፣ ውሃ ይላሉ፣ የኔን እንስራ ውሃ ለነሱ ሰጠሁ፣ ያንቱ ለጣይባ መታጠቢያ ነው፣ ለሁሉም አይበቃም።

አይበቃም። ባዶውን እንስራ እነጥቃታለሁ፣ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ፣ ማንንም አልጠየቅሁም።