ጓድ ጉልላት ያረመው ደብዳቤ

ሙሉእመቤት ቡልጋሪያ ሄዳ የእንስሳት ሕክምና እንድትማር ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘችው በ1973 ዓ.ም. ክረምት ነው። የቀጨኔ ጎረቤት ሁሉ እልል አለላት። ቀበሌው ግን እልልታ አይበቃውም፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ጉልላት ለቡልጋሪያ ሕዝብ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ ካላመጣች መሸኛዋ ላይ ማኅተም እንደማያሳርፍ ቁርጡን ነገራት።

ደብዳቤውን ያረቀቁላት አባቷ መሪጌታ ተክለሃይማኖት ናቸው። የቡልጋሪያን ሕዝብ በጤናው፣ በከብቱ፣ በአዝመራው መርቀው ሲያበቁ መጨረሻው ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት።

ጓድ ጉልላት መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ።

«ይሄ እግዚአብሔር የሚባለው የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነው?»

«ምስጋና እኮ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለሶሻሊስት አገር ነው የምትጽፊው!» ብሎ ስሙን ሰረዘና በላዩ «ሰፊው ሕዝብ» ብሎ ጻፈበት። «ገልብጠሽ አምጪ!»

መሪጌታ እርማቱን ሲያነቡ ሳቅ አፈናቸው።

«ሰፊው ሕዝብ ይስጥልኝ? እሱ ራሱ ለስኳር ተሰልፎ የለም እንዴ! ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጥልሽ?»

«አባባ፣ እባክዎ፤ ማኅተሙ ይመታልኝና ልሂድበት።»

«ጻፊዋ። እኔ ግን የለሁበትም።»

ብዕር አነሳች። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት። ዓይኗ እስኪቀላ አጥንታ ያገኘችውን ዕድል በዚህ ቧልት ልታመሰግንበት? ተናደደችና የአባቷን ቃል እንዳለ ገልብጣ በማግስቱ ጠዋት ይዛው ሄደች።

ቀበሌው ስኳር በሚጠብቁ እናቶች ጢም ብሏል። ጓድ ጉልላት የደብዳቤውን መጨረሻ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊሰርዝ ቢል ብዕሩ ቀለም ጨርሷል። ነቀነቀው፣ ተነፈሰበት፤ ወይ ፍንክች! ሙሉእመቤት የራሷን አውጥታ በሁለት እጇ አቀበለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለ።

ከሰልፉ መሀል አንዲት አሮጊት «አሜን!» ከማለታቸው ሳቁ ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። የሊቀመንበሩ ፊት በርበሬ መሰለ። ደብዳቤውንም መሸኛውንም በማኅተም ደበደበና «ሂጂ! ሂጂልኝ ከዚህ!» ብሎ ጮኸባት።

መስከረም ላይ ተሳፈረች። መሪጌታ ሲሸኟት ግንባሯን ስመው፣ «እንግዲህ የእነሱ ላም አማርኛ አትሰማም፤ ታግሰሽ አክሚ» አሏት። ከዚያም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።