በፋናዬ ጣት ልክ

«ተመለስ፣ ተመለስ። ሐዘንተኛ ወጥ ቤት ምን ጉዳይ አለው?» አለች አሰለፈች፣ ቢላዋውን እንደያዘች በሩን ዘግታ ቆማ።

ግዛው የመጣው ድምፁ ጎትቶት ነው። ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳለ ሸለብ አድርጎት፣ በእንቅልፉ መሃል ቢላዋ መክተፊያ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማ። ያንን ድምፅ አስራ አንድ ወር ሙሉ በየንጋቱ ሲሰማው ኖሯል። እየበረረ ሲመጣ ፋናዬ የለችም። አሰለፈች ናት፣ ቀይ ሽንኩርት እየከተፈች።

«ውሃ ፈልጌ ነው» ብሎ ዋሸ።

«ውሃውን እኔ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ቁጭ በል።»

አሰለፈች ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤታቸው ናት። ሚስቱ ፋናዬ ካረፈችበት ከሐሙስ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ መቼም ስታዝ ለአፍታ አታመነታም። ግዛውም እንደታዘዘው ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ሳምንት በሰፈራቸው በሃውገሩድ በረዶው መጣሉን አላቋረጠም። መስኮቱ ጠዋትም ማታም ያው ነጭ ስለሆነ ሰዓቱ አይለይም ነበር። ቀኑስ ቢሆን? እዚህ አገር ሬሳ እንደኛ በማግስቱ አይቀበርም፤ የተሰጣቸው ቀን ረቡዕ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ሳልስቱ ከሞቷ ይቆጠር ወይስ ከቀብሯ እያለ ሲንሾካሾክ ሰነበተ። ፋናዬ ሞታለች፣ ግን አልተቀበረችም። ግዛው በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል፤ ካፖርቷን እያራገፈች የምትገባ እየመሰለው።

ከጎኑ፣ ፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ቀይ የሲጋራ ፓኮ አለ። የመጣ ሰው ሁሉ ፓኮውን ያያል፤ ውስጡን ያየ ግን የለም።

ግዛው አጫሽ ነበር፤ እንዲያውም አጫሽ ማለት ያንሰዋል። መሃል ከተማው፣ ሴንትሩም፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ እያጠበ፣ በየግማሽ ሰዓቱ በጓሮ በር ሹልክ ይላል። ቤት ሲገባ ደግሞ በዚያ ብርድ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲያስል ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ አይቶ ተው ሲለው ተወ፤ አራት ቀን ሙሉ! ማስቲካውንም ሞከረ፣ ከረሜላውንም ሞከረ። እጁ ግን ሳይታዘዝ እየሄደ ኪሱን ይፈትሻል።

ፋናዬ ይህን ስታይ ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት ባዶውን ፓኮ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሲከፍተው ካሮት ነው፤ ቀጫጭን፣ እኩል ተቆርጦ የተደረደረ ካሮት።

«ምንድን ነው ይሄ? ጥንቸል አደረግሽኝ?»

«ያስቸገረው እጅህ ነው። ሥራ ፈትቶ ነው፤ ሌላ ሥራ ሰጠሁት።»

«እሺ፣ ለአንቺ ስል እሞክረዋለሁ።»

«ለእኔ ስትል ከሆነ ይቅርብህ» አለች ጫማዋን እያሰረች። «እኔ ያስቀየምኩህ ቀን ትጀምራለሃ።»

ሆቴሉ ጓሮ ከአጫሾቹ ጋር ቆሞ ካሮቱን በሁለት ጣቱ ሲይዝ ሳቁበት፤ ይሳቁ። ከእራት በኋላም በረንዳ መውጣት ቀረና እስከ ባቡር ጣቢያው በእግር ደርሶ መልስ ተተካ። ፋናዬ እንዳያዳልጣት ክንዱን ትይዛለች፤ እግረ መንገዷን የቢሮ አለቆቿን ታማለታለች። ሳሉ መቼ እንደለቀቀው እንኳ ልብ አላለም።

ሄልስፊር በሚባል ሰፈር ባሉ ቢሮዎች ጽዳት ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ነበር የምትነሳው። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሎት በበሩ ክፍተት አያት። የመሃል ጣቷን ካሮቱ ላይ አጋድማ እየለካች ትቆርጣለች። ከፓኮው ጋር ልክክ የሚለው ለካ በዚህ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አልጋው ተመለሰ፤ እንዳየ አልነገራትም።

ሐሙስ ዕለትም ቆርጣለት ሄደች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ መወልወያዋን እንደያዘች ኮሪደር ላይ ወደቀች። የጭንቅላት ደም ሥር ነው አሉ። ሲጋራ ቀምሳ የማታውቅ ሴት! ግዛው ይህን አእምሮው አልቀበልልህ አለው፤ መሞት ከነበረበት የሚሞተው እሱ ነበር። ሆስፒታል ተቀምጦ ሲጠብቅ ካሮቱን አንድ በአንድ ጨረሰው። ሐኪሟ ወጥታ ስትነግረው አንዲት ቀርታ ነበር። ያችን አልበላትም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ፣ ፓኮው ሙሉ ሆኖ ጠበቀው። አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።

«አሮጌው የት ሄደ?»

«ጣልኩት» አለ ተክለጻድቅ። ሱዳን አብሮት የተሰደደ ወዳጁ ነው፤ ለቀብሩ ከበርገን ከተማ መምጣቱ ነው፤ ሲጋራ መተዉን አልሰማም። «ሳነሳው አንዲት ብቻ ተንኳኳች። በዚህ ቀን እንኳ ሲጋራ አይጠርበትም ብዬ ወርጄ ገዛሁልህ።»

«አሰለፈች፣ ቆሻሻው?»

«አውርጄዋለሁ፤ መኪናውም ወሰደው። ምነው፣ ምን ጠፋ?»

ምን ይበል? የደረቀች ካሮት ነበረችኝ ይበል? «ምንም» አለ።

ተክለጻድቅ ክንዱን ይዞ ወደ በረንዳ አወጣው። ፓኮውን ከፍቶ አንዷን ጣቱ መሃል አኖረለት፤ ላይተሩንም ጫረለት። የግዛው እጅ አንዱንም ነገር አልረሳም። ለአንቺ ስል ነበር የተውኩት፣ አለ ግዛው በልቡ፤ አንቺ ደግሞ ሄድሽ። ለእኔ ስትል ከሆነ ይቅርብህ፣ ስትለው ጫማዋን ስታስር ጭምር ታየችው።

«ቆይ» አለ ያልተለኮሰውን ሲጋራ ወደ ፓኮው እየመለሰ። «ከቀብር መልስ።»

ረቡዕ ንጋት ላይ ድምፁን እንደገና ሰማ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ አሰለፈች ሶፋው ላይ ተኝታለች፣ ከመስኮቱ የሚገባው የበረዶ ብርሃን ወለሉን አንጥቶታል። ማንም የሚከትፍ የለም። ከእንግዲህም የለም። ይህን ሲያውቅ ተነሳና ወጥ ቤት ገባ።

ሲጋራዎቹን ቆሻሻ ላይ ደፋቸው። ፍሪጁ ውስጥ፣ ከአሰለፈች ድስቶች ኋላ፣ ፋናዬ የገዛችው ካሮት ከነከረጢቱ አለ። አንዱን ልጦ ጣቱን አጋደመበትና ቆረጠ። ቢላዋው እንደ እሷ እጅ አልቀለለውም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ጠማማ ሆነበት።

አሰለፈች ድምፁ ቀስቅሷት መጣች። ልትመልሰው አፏን ከፈተች፤ ሲጋራዎቹን አየች፣ ቀዩን ፓኮ አየች፣ ከዚያ የሚቆርጠውን አየች። አፏን ዘግታ መብራቱን አበራችለት።

ደርድሮ ሲጨርስ ካሮቶቹ ከፓኮው አናት በላይ ወጡ። ክዳኑን ቢጫነው አልገጥም አለ።

«ጫፍ ጫፉን ቁረጠው» አለች ቀስ ብላ።

ግዛው የገዛ ጣቱን አየ፤ ከፋናዬ ጣት ምን ያህል እንደሚረዝም እስከዛሬ አስተውሎ አያውቅም ነበር።

«ይሁን» አለ።

ፓኮውን ክዳኑ እንደተከፈተ ለቀብር በተዘጋጀው ጥቁር ኮቱ ኪስ ከተተው፤ እጁንም አስከትሎ እዚያው ተወው።