የተዘጋው ካቴና

ካቴናው አልገባም አለ።

ወርቅ ሠሪው የጓሮው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክከው ባለ አራት ጎማውን ሞተር አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይታገሉታል። አዲሱ ካቴና የፊተኛው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ላይ እሺ ብሎ ይቀመጣል። ወደ ኋላኛው ጥርስ ሲጎትቱት ግን የኋላ ጎማዎቹን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም የብረት ክንድ መሐል ላይ ይጋረጣል። በላይ ቢሉት ያው፣ በታች ቢሉት ያው።

"ወይ ጉድ! የድሮው በየት በኩል ነበር የገባው?" አሉ ለራሳቸው።

የድሮው ካቴና አጠገባቸው ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ከመላላቱ የተነሣ ዳገት ላይ ጥርስ እየዘለለ ስላስቸገረ ነው የተሻረው። ጠዋት አማቻቸው ፈትቶ ሲያወጣው አላዩም፤ እሳቸው መነጽራቸውን ፍለጋ ቤት ገብተው ነበር። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር፤ እሱን ተዉት።

አማችየው የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ሞተር፣ መኪና የማይደፍረውን ድንጋይና ጭቃ እያቋረጠ ከብት ያክማል። ዛሬም ተራራው ላይ ያሉ አርቢዎች ከብቶቻቸውን ሰብስበው ለክትባት ይጠብቁታል። ክትባቱ የሚጓዘው በረዶ በሞላ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱም አለቀለት። ስለዚህ፣ "አባባ፣ እኔ ክትባቱን ከቢሮ ይዤ እስክመጣ እርስዎ ካቴናውን ዘይት ይቀቡልኝ፤ ከዚያ አብረን እንገጥመዋለን" ብሏቸው ሄደ።

ዘይት ይቀቡልኝ! ዕድሜ ልካቸውን ከፀጉር የቀጠነ ሰንሰለት ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ዘይት ይቀቡ!

ነገሩ የቆየ ነው። ወርቅ ሠሪው ዓይናቸው ሲደክም ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገቡ። ገቡ ለማለትም ያስቸግራል፤ ቦርሳቸው እስካሁን አልተፈታም። እሳቸው ብቅ ሲሉ ሁሉም ይነሣል፣ ወንበር ይሰጣል፣ "ይረፉ" ይባላል። ሲያርፉ ሲያርፉ ድካሙ ባሰባቸው። እንግዳ ይሁኑ የቤት ሰው ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ልጃቸውን ጠርተው፣ ቅዳሜ ወደ ድሮ ሰፈሬ እመለሳለሁ፣ አንድ ክፍል አላጣም አሏት። አለቀሰች። እሳቸው ግን ቁርጥ አድርገው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ዕድሉ ሲገኝ፣ አማችየው ሳይመለስ ልጨርሰውና ጉድ ላሰኘው አሉ። ከካቴናው ጋር ሁለት ዓይነት መጋጠሚያ አብሮ ተሽጧል፤ አንዱ በትንሽ ቆላፊ ብረት የሚዘጋና የሚከፈት፣ ሌላው ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ላይከፈት የሚዘጋ። ወርቅ ሠሪው ሳያመነቱ ሁለተኛውን አነሡ። በእሳቸው ሙያ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አልቆ፣ ተወልውሎ ነው ለባለቤቱ የሚሰጠው። መጋጠሚያውም መታየት የለበትም። ትንሿን መዶሻቸውን ከቦርሳ አውጥተው ቀጠቀጡት፣ በሞረድ አለሰለሱት፣ የት ጋ እንደተዘጋ ለራሳቸውም እስኪጠፋባቸው ድረስ አሳመሩት።

አሁን ያ ሁሉ ኩራት በላብ እየወጣ ነው።

"እኔ የሠራሁት ሁሉ በጭንቅላት በኩል ይጠልቃል" አሉ ሞተሩ ላይ አፍጥጠው፤ "የአንተ ጭንቅላት የት ነው?"

ልጃቸው ልብስ ስታጥብበት የነበረውን እጇን እየጠረገች ወጣች።

"አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም። አጭር ካቴና ነው የሸጡለት። አይደርስም።"

አዲሱን ከአሮጌው ጎን ዘርግታ አየችው። "እኩል ናቸው እኮ አባዬ።"

"እኩል ከሆኑማ ለምን አይገባም?"

"እኔ ምን አውቄ! ጎማውን ብናወልቀውስ?"

አወለቁት። ይባስ ብሎ ሞተሩ ድንጋይ ላይ ተደግፎ እንደ ሰካራም ተንጋደደ። ካቴናው ግን ያው ክንዱ ላይ ተገትሮ ቀረ። ነገር ዓለሙ የዞረባቸው አባትና ልጅ እርስ በርስ ተያዩ።

በዚህ መሐል አማችየው ሳጥኑን አቅፎ በበሩ ገባ።

"አባባ፣ ጎማው ምን ሆነ?"

"ለካቴናው ብለን ነው።"

ሳጥኑን አስቀምጦ ካቴናውን አነሣ። ጫፉን ፍለጋ በጣቶቹ መሐል አሳለፈው፤ ዞሮ ዞሮ የጀመረበት ተመለሰ። እንደገና አሳለፈው።

"መጋጠሚያው የታለ?"

"አይታይም" አሉ ወርቅ ሠሪው። በዚህ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ኩራት ቢጤ ቃጣቸው።

"ዘጉት? ከሞተሩ ውጭ?"

"የት ልዝጋው ታዲያ?"

አማችየው ቁጢጥ ብሎ የብረቱን ክንድ በእጁ ነካ። "ይሄ ክንድ እኮ በካቴናው መሐል ነው የሚያልፈው። ካቴናው ክፍት ሆኖ ይዞርና፣ እዚሁ ሞተሩ ላይ ነው የሚዘጋው።"

ወርቅ ሠሪው ክንዱን አዩ፣ ካቴናውን አዩ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገባቸው፤ ኩም አሉ። የታሰረ ቀበቶ ወገብ ላይ ለማዞር ነበር ለካ ሲታገሉ ያረፈዱት።

"ምንም አይደል" አለ አማችየው እንደ ልማዱ፤ "ትንሽ ነገር ነው። እርስዎ ይረፉ፣ እኔ መካኒክ እጠራለሁ።"

ይረፉ። መጣች ያቺ ቃል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አሉ በሆዳቸው።

"መካኒኩ እስኪመጣ በረዶው ይቆያል?" አለች ልጃቸው።

አማችየው የሳጥኑን ክዳን ገለጥ አደረገ። የበረዶው ዳር ዳር ወደ ውኃ ተለውጧል። ያን ጊዜ የታገሠው ሁሉ ገነፈለ።

"አባባ፣ ለምን አይጠብቁኝም? ዘይት ይቀቡልኝ ነው እኮ ያልኩት! ሰው ከብቱን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሞልኝ፣ እርስዎ እዚህ ጌጥ ይሠራሉ? የሚነግሩዎትን አይሰሙም እንዴ!"

"አንተ! አባቴ ነው እኮ!" አለች ልጅቷ ደንግጣ።

እሱም የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። "ይቅርታ አባባ፣ እኔ..."

ወርቅ ሠሪው ሆድ እስኪብሳቸው ጠበቁ። አልባሳቸውም። ጭራሽ ደረታቸው ላይ የተጫነ ነገር የተነሣላቸው መሰላቸው። እንዲህ የምትጮህባቸው ነፍሷን ይማርና ባለቤታቸው ነበረች። እንግዳ ላይ ማን ይጮሃል? እንግዳማ ይረፉ ይባላል። እፍረቱ አለ፣ ደስታውም አለ፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታቸው።

"ጨረስክ?" አሉት።

"ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው ሳጥኑን ጥላ ሥር አድርገውና ናና ያዝልኝ። መካኒክ አያስፈልግም፣ የዘጋሁትን እኔው እከፍተዋለሁ።"

"የት ጋ እንደዘጉት ይታይዎታል?"

"አይታየኝም። አንተ ፈልግልኝ።"

አማችየው የስልኩን መብራት አብርቶ ቀለበት በቀለበት ፈለገ። "እዚህ ጋ ትንሽ ነጣ ይላል።"

ሞረዱን አሳረፉበት። ያሳመሩትን ሥራ በእጃቸው ማፍረሱ ቆጫቸው፤ አጉረመረሙ፣ ግን እጃቸው አልቆመም። ጫፉ ተበላ፣ በመዶሻና በቀጭን ምስማር ተመታ፣ ወጣ። ጎማው ተመለሰ። ካቴናው ክፍት ሆኖ በክንዱ በላይና በታች ዞረና፣ ሁለቱ ጫፎች የኋላው ጥርስ ላይ ተገናኙ። ያ ሁሉ ትግል ለዚህ ነበር።

የሚከፈተው መጋጠሚያ አያያዛቸው፤ የቀረችው ትንሿ ቆላፊ ነበረች። ወርቅ ሠሪው በፒንሳ ጫፍ ያዟት።

"ክፍት አፏ ወደ የት ይሁን?"

"ወደ ኋላ፣ ካቴናው ከሚሄድበት ተቃራኒ። ወደ ፊት ከሆነ ድንጋይ ነክቶ ያወልቃታል።"

"እንዲህ?"

"አይደለም አባባ፣ ይገልብጧት።"

"አሁንስ?"

"አሁን ልክ ነው።"

ጠቅ አለች። አማችየው በእሱ እጅ ቢሆን ስንት ጊዜ እንደምትወድቅበት ያውቃልና ሳቀ። ሳጥኑን ጭኖ ሞተሩን አስነሣ፤ ክዳኑን ገልጦ አየና አብዛኛው በረዶ እንዳለ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

"አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ይላላል" አለ በሞተሩ ጩኸት ላይ፤ "ስመለስ እናጠብቀዋለን። ደግሞ ሳልመጣ እንዳይነኩት!"

"ሂድ፣ አትለፍልፍ!" አሉት።

አቧራው ሲሰክን ልጃቸው ፈራ ተባ እያለች ተጠጋቻቸው።

"አባዬ፣ ተቀየምከው?"

"ምኑን?"

"እንዲያ ሲጮህብህ። ቅዳሜ... እንዳልከው ትሄዳለህ ማለት ነው?"

ወርቅ ሠሪው ትንሿን መዶሻ በጨርቅ ወለወሉ። ቦርሳቸው የበሩ ደፍ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

"ይላላል ብሏል፤ አልሰማሽም?" አሉ። "ያችን ቆላፊ ደግሞ እሱ ብቻውን ከነካት ይጥላታል።"

ተመልሰው የአማቻቸውን የመፍቻ ሳጥን ከፈቱ። ከትልልቆቹ መፍቻዎች አንዱን ገፋ አድርገው መዶሻዋን አጠገቡ አጋደሟትና ክዳኑን ዘጉት።